ከተማ ሲነሣ ምን ይዞ ይነሣል?

ሰው ወደ አንድ ጥንታዊ መናገሻ ከተማ ለጉብኝት ሲሄድ በልቡ ሁለት ምኞት ይዞ ይሄዳል። አንደኛው፣ አባቶች የሠሩትን ለማየት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ ልጆች ምን ያህል እንደ ተራመዱ ለመመልከት ነው። እነዚህ ሁለት ምኞቶች ከሩቅ ሲታሰቡ የሚስማሙ ይመስላሉ። ነገር ግን አዲሱ ሕንጻ የሚቆምበት መሬት ብዙውን ጊዜ አሮጌው ቤት የቆመበት መሬት ስለ ሆነ፣ ከቅርብ ሲታዩ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። እንግዳው አንዱን አግኝቶ ሲደሰት ሌላውን አጥቶ ያዝናል። ታዲያ ከተማ በፍጥነት በሚታደስበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ምንድን ነው? ግንቡ ነውን? ስሙ ነውን? ወይስ ከግንቡም ከስሙም በታች ያለ ሌላ ነገር ይኖር ይሆን? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረጉን በቅርቡ በቤታችን ያረፉ አንድ እንግዳ ናቸው።

እንግዳችን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ አጠገብ፣ በዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደው ያደጉ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ግን ኑሯቸውን በባዕድ አገር ያደረጉ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ሰው ናቸው። እኛ የምንኖረው ከከተማው ወደ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሰፈር ነው። በመጡ በማግሥቱ ማለዳ ከደጅ ወጥተው አደባባዩን፣ የታክሲ ረዳቶቹን ጩኸት፣ አትክልት የጫኑትን የጭነት መኪናዎች፣ በስተ ሩቅ የሚታዩትን የጀሞን ፎቆች አንድ በአንድ ከተመለከቱ በኋላ፣ «ይህ ሁሉ እኔ ስሄድ ሜዳ ነበረ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የዚህን አካባቢ ስሞች ብቻ ያስተዋለ ሰው ታሪኩን በከፊል ያነበዋል። ላፍቶ በኦሮምኛ ቋንቋ የግራር ስም ነው፤ ንፋስ ስልክ፣ ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ላይ ወሬ የሚያደርሰውን መሣሪያ የአገራችን ሰው የሰየመበት ቃል ነው፤ ጋርመንት ደግሞ ልብስ ከሚሰፋበት ፋብሪካ የመጣ የባዕድ ቃል ነው። ዛፉ፣ የአየሩ ስልክና ፋብሪካው በአንድ አድራሻ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ከእነዚህ ሁሉ በፊት በግራሩ ሥር ያርስና ከብት ያሰማራ የነበረውን ገበሬ የሚያስታውሰው ይህ አንድ የዛፍ ስም መሆኑን ስናስብ፣ ከተማ ሁልጊዜ ባዶ መሬት ላይ እንደማይሠራ ከወዲሁ ልናምን ይገባናል።

እንግዳችን ግን ሊያዩ የናፈቁት የተወለዱበትን ቤት ነበርና በሦስተኛው ቀን ይዘናቸው ወደ ፒያሳ ወጣን። በመንገዳችን የለገሃርን ጣቢያ አለፍን። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የአገሪቱ በር የሆነው ያ ስፍራ ዛሬ ባቡር አይገባበትም፤ ከጅቡቲ የሚመጣው አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ የሚቆመው በእኛ ወገን፣ በፉሪ ለቡ ነው። እንግዳችን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «ጣቢያውም እናንተ ዘንድ ሄደ?» ብለው ሣቁ።

ፒያሳ ስንደርስ ግን ሣቁ ቆመ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ ከተነኩት ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። መንገዱ ሰፍቷል፤ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፤ ለብስክሌት የተለየ መስመር ወጥቶለታል፤ ሣሩና አበባው ተተክሏል፤ ማታ ማታም መብራቱ እንደ ቀን ያበራል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዙሪያው ያለውን ሁሉ በግርማው ይዞታል። የዐፄ ምኒልክ ሐውልት በፈረሱ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም በቦታው ነው። ዶሮ ማነቂያ ግን የለም።

እንግዳችን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጀምረው በልጅነታቸው ይሄዱበት የነበረውን መንገድ በእግራቸው ሊለኩት ሞከሩ። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ካሉ በኋላ፣ በሣርና በንጣፍ ድንጋይ መካከል ቆሙ። «እዚህ ይመስለኛል» አሉ። ጥቂት ዝም ካሉም በኋላ፣ «ቤቱ መፍረሱን አስቀድሜ ሰምቻለሁ፤ እርሱ አላስደነገጠኝም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። እዚህ ነበረ ወይስ አልነበረም ብዬ የምጠይቀው ሰው አጣሁ» አሉን።

ይህ ንግግር ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሯችን አልወጣም። በዙሪያችን የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን ሁሉም እንደ እኛ ጎብኚ ነበረ። ከብዙ ሺህ ሰው መካከል አንድ የሚጠየቅ ጎረቤት የሌለበት ስፍራ ምን ይባላል?

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንዳንስት መጠንቀቅ ያስፈልገናል። ያለፈውን ሁሉ ማወደስ ለሩቅ ተመልካች ቀላል ነው። የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ ጭቃቸው የረገፈ፣ ቆርቆሯቸው የዛገ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚጠቀምባቸው ነበሩ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ ብዙው ቤት የቀበሌ ቤት ተብሎ በአነስተኛ ኪራይ ሲኖርበት፣ ኪራዩ ለእድሳት የማይበቃ፣ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ለማደስ የማይደፍር ስለ ነበረ፣ ከዓመት ወደ ዓመት እየዘመመ ሄደ። እንግዳችንም ይህን አልሸሸጉም። በክረምት ሌሊት እናታቸው ከእንቅልፍ ቀስቅሰዋቸው ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ባልዲና ሳህን ይደረድሩ እንደ ነበር ራሳቸው አጫወቱን። እንግዲህ ድኻ በሚያፈስ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ መፍቀድ የታሪክ ጥበቃ ሊባል አይችልም። ለጎብኚ ዐይን ደስ እንዲል ሌላው ሰው በእርጥበት ይኑር የሚል ካለ፣ ያ ሰው የሚወድደው ከተማውን ሳይሆን የራሱን ትዝታ ነው።

የሆነ ሆኖ፣ በዚህ ነገር ላይ በአገራችን የሚሰማው ክርክር ሁለት ወገን ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው ወገን «ከተማችን አማረች» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን «ከተማችን ጠፋች» ይላል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱም የሚመለከቱት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ግንቡን ነው። አንዱ በቆመው ግንብ ይደሰታል፤ ሌላው በወደቀው ግንብ ያለቅሳል። ከተማ ግን ግንብ ነውን?

ይህን ጥያቄ የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንሥቶት ነበር። ከተማን አንድ የሚያደርገው የከበበው ቅጥር አይደለም፤ እንዲያማ ቢሆን ኖሮ የፔሎፖኔስን ምድር በሙሉ በአንድ ቅጥር ማጠር በተቻለ ነበር የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ለእርሱ የከተማ አንድነት የሚገኘው ነዋሪዎቹ አብረው በሚኖሩበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ሥርዓቱ ከተለወጠ ግንቡና ሰዎቹ እነዚያው ቢሆኑ እንኳ ከተማው ሌላ ሆኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ለመረዳት እስከ ግሪክ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። የራሳችን ቋንቋና የራሳችን ታሪክ ከዚያ ይበልጥ ይነግሩናል። «ከተማ» የምንለው ቃል በጥንት ነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ የድንጋይ ቤት የተሠራበትን ስፍራ ብቻ የሚያመለክት አልነበረም፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳን ተክሎ የከተመበት ቦታ ማለት ነበር። «ሰፈር»ም እንዲሁ ከጉዞ የተገኘ ቃል ነው፤ ሠራዊቱ የሰፈረበት ማለት ነው። ዛሬ የምንኖርባቸው ሁለቱ ታላላቅ ስሞች፣ ከተማና ሰፈር፣ ሁለቱም ከድንኳን ሥር የወጡ ናቸው። ኢትዮጵያውያን መናገሻ ከተማን ማንሣትና መትከል የጀመርነው ዛሬ አይደለም።

በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በአገራችን የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግልን ተንቀሳቃሽ ከተማ አይቶ ጽፏል። እርሱን ያስደነቀው የድንኳኑ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የአሰፋፈሩ ሥርዓት ነበር። ንጉሡ የትም ቢሰፍር፣ በየትኛውም አውራጃ ቢሆን፣ የንጉሡ ድንኳን፣ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ዳኞቹ፣ መኳንንቱ፣ ገበያውም ጭምር የየራሳቸው የታወቀ ቦታ ነበራቸው። እያንዳንዱ ሰው በቀኝ ወይም በግራ፣ በፊት ወይም በኋላ፣ የት እንደሚሰፍር ሳይነገረው ያውቅ ነበር። የማዕርግ ስሞቻችን ራሳቸው ለዚህ ምስክር ናቸው፤ ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ የሚሰለፍ ማለት ነውና።

ከዚህ የምንማረው ታላቅ ነገር አለ። ያ ከተማ ዛሬ እዚህ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ እዚያ ይታይ ነበር። መሬቱ ተለወጠ፤ ውሃው ተለወጠ፤ ተራራው ተለወጠ። ጎረቤት ግን አልተለወጠም። ትናንት በግራህ ድንኳኑን የተከለው ሰው ዛሬም በግራህ ይተክላል። ሌሊት ቢታመም የሚጠራህ፣ እሳት ቢጠፋብህ የምትጭርበት፣ ቢጣላህ ወደ የትኛው ዳኛ እንደምትወስደው የምታውቀው ሰው አብሮህ ተነሥቶ አብሮህ ሰፍሯል። ስለዚህ ከተማው ሲነሣ ጎረቤትነትን ይዞ ይነሣ ነበር ማለት እንችላለን።

በኋላ ዘመን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቈረቍሩ መናገሻው ለረጅም ጊዜ በድንጋይ ላይ ተተከለ። ከዚያም በኋላ መናገሻው እንደገና ከቦታ ወደ ቦታ ሄደ። ዐፄ ምኒልክ ከአንኮበር እስከ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» ብለው ወደ ሰየሙት፣ የአገሩ ሰዎች ፊንፊኔ ወደሚሉት የፍል ውሃ ምድር ወረዱ። ይህችም ከተማ ብትሆን ለመነሣት ጥቂት ቀርቷት ነበር። የማገዶ እንጨት በጠፋ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በስተ ምዕራብ በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበርና። ከአውስትራልያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ማደጉ አዲስ አበባን ከመነሣት አዳናት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ድንኳኑ ቆሞ ቀረ፤ ነገር ግን የሰፈሩ ሥርዓት አልጠፋም። በየጉብታው ላይ አንድ መኰንን ቦታ ተሰጠው፤ በዙሪያውም ጭፍሮቹና ባለሟሎቹ ሰፈሩ። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚህ የመጡ ናቸው፤ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩትም ሠራተኛ ሰፈርን አስገኙ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ፒያሳና ካዛንቺስ የሚሉ ስሞች ተጨመሩ። አዲስ አበባ ማለት እንግዲህ መጓዝ ያቆመ የጥንት ሰፈር ናት ብንል ከእውነት አንርቅም።

ዛሬ በዐይናችን የምናየው ግን አዲስ ነገር ነው። ቀድሞ ከተማው ሲነሣ ሰው አብሮ ይነሣ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ሳይነሣ ሰው ይነሣል። ቀድሞ መሬቱ ተለውጦ ጎረቤቱ ይጸና ነበር፤ ዛሬ መሬቱ ጸንቶ ጎረቤቱ ይለወጣል። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ዕጣ በባሕርዩ ፍትሐዊ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ዘመድና ባዕድ አይለይም። ነገር ግን ዘመድና ባዕድ የማይለየው ዕጣ ጎረቤትንም አይለይም። አንዱን ጀሞ፣ ሁለተኛውን ቦሌ አራብሳ፣ ሦስተኛውን የካ አባዶ ያደርሰዋል። ለእያንዳንዱ ቤት ሰጠ፤ ለሁሉም በአንድነት የነበራቸውን ግን ለማንም አልሰጠም።

ምናልባት አንድ አንባቢ፣ «የጥንቱ ሰፈር ሥርዓት የጌታና የሎሌ ሥርዓት አልነበረምን? ወደዚያ እንድንመለስ ትመኛላችሁን?» ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማዕርጉን ሥርዓት አንመኝም፤ ዘመኑ አልፎበታል፤ ማለፉም መልካም ነው። እኛ ያደነቅነው ማን ከማን በላይ እንደ ነበረ ሳይሆን፣ ማን ከማን አጠገብ እንደ ነበረ መታወቁን ነው። ይህን መለየት ይቻላል። ደግሞም ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በኤውሮጳ አቈጣጠር ከ1853 ጀምሮ ባሮን ኦስማን የተባለው ሹም የፓሪስን ከተማ ጠባብ መንገዶች አፍርሶ ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸውን ሰፋፊ ጎዳናዎች ሲያወጣ፣ ብዙ ድኻ ሠራተኞች ወደ ከተማው ዳርቻ ተገፍተዋል። ጎዳናዎቹን የማያደንቅ ጎብኚ የለም፤ የተገፉትን የሚያስብ ጎብኚ ግን ጥቂት ነው። እኛ ከዚህ አስቀድመን መማር እንችላለን።

ስለ ድንኳን ካነሣን ዘንድ፣ በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ድረስ የሚነሣና የሚተከል አንድ ድንኳን መኖሩን አንዘንጋ፤ እርሱም የዕድር ድንኳን ነው። ዕድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የወር መዋጮ፣ የመቀጮ ደንብ፣ ወንበርና ብረት ድስት አለው። ሰው በሞተበት ቤት ደጃፍ ድንኳኑ ሲተከል እያንዳንዱ አባል ድርሻውን ሳይነገረው ያውቃል፤ ማን እንጨት እንደሚያወርድ፣ ማን ንፍሮ እንደሚያቀርብ፣ ማን ከሐዘንተኛው ጋር እንደሚያድር። ከጥንቱ ሰፈር ጌትነቱና ሎሌነቱ ተጥሎ መልካሙ ብቻ ቢቀር የሚመስለው ይህን ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው የአባቶች ቃል በደንብ ተጽፎ ማኅተም ሲደረግበት ዕድር ይሆናል። ዕድር ግን በእግር መድረስን ይፈልጋል። አባላቱ በከተማው አራት ማዕዘን ከተበተኑ፣ ለቅሶውን የሚሰሙት በስልክ፣ የሚደርሱትም ሬሳው ከወጣ በኋላ ይሆናል።

ወደ እንግዳችን እንመለስ። ከፒያሳ በተመለስን ማግሥት ለቤት የሚሆን ሽንኩርት ለመግዛት ወደ ሰፈራችን አትክልት ገበያ ስንወጣ አብረውን መጡ። ይህ ገበያ ታሪክ አለው። ለብዙ ዘመን የቆየው ፒያሳ፣ ዛሬም አትክልት ተራ በሚባለው ስፍራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሰው እንዳይጨናነቅ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃን ሜዳ ለጥምቀት በዓል መለቀቅ ስለ ነበረበት፣ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት መጣ። እንግዳችን ይህን አላወቁም ነበር።

በአንድ መደብ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እንግዳችን ዋጋ ከጠየቁ በኋላ፣ «እትዬ፣ እዚህ ከመጡ ቈዩ?» አሏቸው። ሴትዮዋም፣ «ከፒያሳ ተነሥተን ጃን ሜዳ ሰፈርን፤ ከጃን ሜዳ ተነሥተን እዚህ ሰፈርን፤ እንግዲህ የሚቀጥለውን እግዜር ያውቃል» ብለው መለሱ። ተነሥተን፣ ሰፈርን፤ የአልቫሬዝ ዘመን ሠራዊት ከዚህ የተለየ ቃል የሚናገር አይመስለንም። «አልከበደዎትም?» አሏቸው እንግዳችን። «መጀመሪያ ከብዶን ነበረ፤ ገበያተኛው መንገዱን እስኪለምደው ድረስ ስንት ዕቃ በሰበሰብን። ግን እኒህ በግራዬ ያሉት ያው የፒያሳዋ ጎረቤቴ ናቸው። ወዛደሩም ያው ነው፤ ደላላውም ያው ነው። ለቅሶ ብሄድ መደቤን እሳቸው ይጠብቁልኛል፤ እኔም እንዲሁ።»

እንግዳችን የተወለዱበትን ሰፈር፣ የእናታቸውንም ስም ተናገሩ። ሴትዮዋ እጃቸውን ከነጭ ሽንኩርቱ አንሥተው በነጠላቸው ጠረጉና፣ «ወንድሜ፣ እናትዎን በመልክ አላውቃቸውም፤ ዕድራቸውን ግን አውቀዋለሁ። አልፈረሰም። አንዱ ከጀሞ፣ አንዱ ከአራብሳ፣ አንዱ ከገላን እየመጣ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል። ቋሚ ቦታ ስለሌለው በተራ በአባል ቤት ነው» አሏቸው። ከዚያም በግራቸው ያሉትን ጎረቤታቸውን ጠርተው የዕድሩን ጸሐፊ ስልክ አስፈለጉላቸው። በፒያሳ የሚጠየቅ ሰው ያጡት እንግዳ፣ ከፒያሳ ርቆ በሚገኝ ገበያ፣ በጭቃና በጎመን ቅጠል መካከል ቆመው፣ የሚጠየቅ ሰው አገኙ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት መርምረን ማግኘት አይቸግረንም። ገበያው ከነጎረቤቱ ተነሥቶ ከነጎረቤቱ ሰፈረ። ስፍራው ይጠባል፣ ክረምት ላይ ይጨቀያል፣ ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ይህን ማንም ያያል። ነገር ግን ሦስት ቦታ ተቀያይሮ ሳለ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ስላልጠፋፉ፣ የፒያሳ ትዝታ ከፒያሳ ይልቅ በኃይሌ ጋርመንት ተገኘ። መኖሪያ ሰፈሩ ግን ግለሰብ ግለሰብ ሆኖ ስለ ተነሣ፣ አሁን በወር አንድ ቀን ብቻ የሚገኝ ሰፈር ሆነ።

እንግዲህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ከተማ በሚታደስበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ጎረቤትነት ነው። ግንብ ሊጠበቅ አይገባውም ማለታችን አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን፣ የለገሃርን ጣቢያ፣ የቀደሙ መኳንንትን ቤቶች የሚያፈርስ ትውልድ የልጆቹን መጽሐፍ እንደሚያቃጥል ሰው ነው። ነገር ግን ግንብን ጠብቆ ጎረቤትን የበተነ፣ መጽሐፉን አስቀርቶ አንባቢውን አሰናበተ ማለት ነው።

ይህ አሳብ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በየሥራችን ምን ማድረግ እንደምንችል ጥቂት እናመልክት። በከተማ ሥራ ላይ የተሾመ ሹም፣ ሰው ከቦታው የሚነሣበት ግዴታ በመጣ ጊዜ፣ ዕጣው ለአባወራ ብቻ ሳይሆን ለመንደር እንዲወጣ፣ ዕድሩም ከነድንኳኑና ከነመዝገቡ አንድ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ከቤት ቁጥር አጠገብ «ጎረቤቱ ማን ነው?» የሚል አንድ ዐምድ መጨመርን ይጠይቃል። እንዲህ የተደረገበት ስፍራ ካለ ምስጋና ይገባዋል፤ ያልተደረገበትም ካለ ገና ሊታረም ይችላል። በከተማ ዳርቻ ከእርሻው ለሚነሣው ገበሬም ይኸው ሕግ ሊጸናለት ይገባል፤ እርሱ ከሁላችን አስቀድሞ ጎረቤት ነበረውና።

አስተማሪ ደግሞ ተማሪዎቹን ወደ አዛውንቶች ልኮ የሰፈራቸውን ስም ትርጉምና የነበሩበትን ጎረቤቶች እንዲጽፉ ቢያዛቸው፣ ካርታ የማይዘው ነገር በደብተር ይያዛል። ተማሪም በአዲስ ፎቅ ውስጥ የሚኖር ከሆነ፣ ፊት ለፊት ያለውን በር የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ ማወቅን እንደ ትምህርት ይቍጠረው። የጥንቱ ሥርዓት በአንድ ቀን አልተሠራም፤ አዲሱም ሥርዓት በራሱ አይመጣም። በጀሞ ፎቆች ውስጥ ያሉ ሰዎች አሮጌ ዕድራቸውን ሳይለቁ አዲስ ዕድር ማቋቋማቸውን ስናይ፣ የሰፈር አሳብ በሲሚንቶ ውስጥም መብቀል እንደሚችል እናምናለን። ለሁለት ዕድር የሚከፍል ሰው ለአንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ግብር እንደሚከፍል ይቈጠራል፤ ቸርነቱ ግን ድካሙን እንዳያስረሳን።

እንግዳችን ሊመለሱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው፣ በአንድ እሑድ ቀን፣ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ሄዱ። ወደ ማታ ሲመለሱ ፊታቸው በራ። የዕድሩ ዳኛ፣ የእናታቸው ስም በመዝገቡ ላይ እንዳለ አሳይተዋቸው፣ ልጃቸው ግን አባል ሳይሆኑ እንደ ቀሩ፣ መግባት ከፈለጉም እንደ ማንኛውም ሰው የመግቢያ መክፈል እንዳለባቸው ያለ አንዳች ማድላት ነገሯቸው። «የውጭ አገር ሰው ነኝና ለቅሶ አልደርስም፤ ምን እጠቅማለሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ «የማይደርስ ሰው መቀጮ ይከፍላል፤ ደንቡ ይህ ነው» ተባሉ።

ከፈሉ። ደረሰኙንም በፓስፖርታቸው ውስጥ አድርገው ሄዱ።